አውሮፕላኑና መሬት ላይ ያለው ሰው እንዴት ይነጋገራሉ?

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መገናኛ ሬዲዮ ነው። አሁን ድምፄን የምትሰሙበትን ሬዲዮ ማለቴ አይደለም። በዚህኛው እኔ እናገራለሁ፣ እናንተ ትሰማላችሁ። እናንተ ብትመልሱልኝ ግን እኔ አልሰማም። መገናኛ ሬዲዮ የሚባለው ሁለቱም ወገን የሚናገርበት፣ ሁለቱም ወገን የሚሰማበት ነው። ፖሊስ ይይዘዋል። የአውሮፕላን አብራሪ ይይዘዋል። በባሕር ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ይይዘዋል። በእኛ አገር ደግሞ አንበጣን የሚከላከሉ ሰዎች ይይዙታል። እኛ የምናተኩረው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ላይ ነው። ወደ ዓሣ አጥማጆቹም ብቅ ማለታችን አይቀርም።

እስቲ ከምታውቁት ነገር እንነሣ። ማሽላው ማሸት ሲጀምር በራያ ቆላ ምን ይደረጋል? ማማ ይሠራል። ማማው ላይ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ይወጣል። ማሽላ ረጅም ነው፣ ሰው ይውጣል። ውስጡ የገባ ሰው ከፊቱ ካለው አገዳ በቀር ምንም አያይም። ልጁ ግን ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል። ስለዚህ፣ «በወንዙ በኩል ገባልህ! ወፉ ገባልህ!» እያለ ይጮኻል። ከታች ያለው ሰው ወደዚያው ይሮጣል።

ቃኚ አውሮፕላን የሚባለው ይኸው ነው። ክንፍ ያለው ማማ ነው። ከላይ ያለው ያያል፤ ከታች ያለው ይሠራል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ድምፅ አለ። ማማው ላይ ያለው ልጅ በጉሮሮው ይጮኻል። አውሮፕላኑ ግን 50 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሄድ ጉሮሮ አይበቃም። ሬዲዮ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አንበጣው እንምጣ። ይህን የምለው ለምን ፍጥነት እንደሚያስፈልግ እንድትረዱልኝ ነው።

አንድ የበረሃ አንበጣ 2 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን ደግሞ የራሱን ክብደት ያህል ይበላል። ሁለት ግራም ምን አላት? ቁንጥር ጨው ማለት ናት። ነገር ግን አንበጣ ብቻውን አይመጣም። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት የሚሸፍን መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 400 ጥማድ ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። ሲበላ ደግሞ ይህ የአያ እገሌ ማሳ ነው፣ ይህ ያባት የሌለው ልጅ ማሳ ነው አይልም።

እ.ኤ.አ. በ1958፣ በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል አጥፍቷል። በኩንታል ሲቆጠር 1,670,000 ኩንታል ነው። አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት ይመግብ ነበር ተብሎ ተጽፏል።

ታዲያ ይህ መንጋ ቀኑን እንዴት ያሳልፋል? ይህን ልብ በሉ፣ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አንበጣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። ግራር ላይ፣ ቁጥቋጦ ላይ፣ ማሽላ ላይ ያድራል። ጠዋት ሰውነቱ ይበርደዋል፣ ቶሎ መብረር አይችልም። ፀሐይ ይሞቃል። ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ ይነሣል። እንግዲህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ከነፋሱ ጋር ይነጉዳል። ወደ ማታ ሲሆን ይወርዳል። በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንድ ጊዜም 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከቆቦ እስከ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንጋው የዚህን እጥፍ፣ ከዚያም በላይ፣ በአንድ ቀን ያልፋል ማለት ነው።

ስለዚህ መድኃኒት መርጨት የሚቻለው መቼ ነው? መንጋው በተቀመጠበት ሰዓት ነው። ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ እስኪነሣ ድረስ፣ ወይም ማታ ሲወርድ። ቀትር ላይ መርጨት አይጠቅምም። መሬቱ ሲግል ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ መድኃኒቱንም ይዞት ይሄዳል። የሚረጨው መድኃኒት እኮ በሄክታር 1 ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ነጠብጣቡ እንደ ጉም የደቀቀ ስለሆነ ነፋስ እንደ ፈለገ ይጫወትበታል።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። መንጋው ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሮቢት በታች ባለው ግራር ላይ አረፈ እንበል። ረጪው አውሮፕላን ያለው ኮምቦልቻ ነው እንበል። አውሮፕላኑ ጠዋት በጎሕ እንዲነሣ፣ አብራሪው ወሬውን በዚያው ማታ ማወቅ አለበት። ነዳጁን ይሞላል፣ መድኃኒቱን ይጭናል፣ ካርታውን ያያል። ወሬው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከደረሰው ግን አውሮፕላኑ ሲመጣ ባዶ ግራር ነው የሚያገኘው። ቅጠል እንኳ የሌለው ግራር! መንጋው ሌላ ወረዳ ገብቷል።

አንዳንድ ሰው፣ «ዛሬ ሞባይል አለ፣ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞባይል በጣም ጠቅሟል። ገበሬው መንጋ ሲያይ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይደውላል። ባለሙያው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይደውላል። ነገር ግን ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ኔትዎርክ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ከዞብል ተራራ ወዲያ ወደ አፋር ሲወርዱ ይህን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንበጣ ደግሞ የሚወደው ሰው የሌለበትን በረሃ ነው። ሁለተኛ፣ አብራሪው አየር ላይ ሆኖ ስልክ እያነሣ ሃሎ ሃሎ አይልም። ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ስልክ የሁለት ሰዎች ነው፣ ሬዲዮ የሁሉም ነው። አንዱ ሲናገር አብራሪውም፣ ጣቢያው ላይ ያለውም፣ በመኪና የሚሄደው ቡድንም በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ አይጣመምም።

ወሬ እንዴት እንደሚጣመም መቼም ታውቃላችሁ። አንዱ «መንጋው ከወንዙ ማዶ ነው» ይላል። የቱ ወንዝ? ጎሊና ነው ወይስ ሆርማት? ማዶስ ከየት ሲታይ ነው ማዶ? ለእርሱ ማዶ የሆነው ከዚያ ለሚመጣው ሰው ወዲህ ነው። «እዚያ ታች» የሚባል ቦታ በካርታ ላይ የለም። «የዋርካዋ ዘንድ» ቢሉትም አብራሪው ከላይ ሲያይ መቶ ዋርካ ያያል። «ብዙ ነው፣ እግዜር ያውጣን» የሚለውም ቁጥር አይደለም።

ጥሩ ወሬ ምን ይዟል? የት እንዳለ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደ ታየ፣ ርዝመቱና ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ ተቀምጧል ወይስ እየበረረ ነው፣ ነፋሱ ከየት ወዴት ይነፍሳል፣ የአንበጣውስ ቀለም ምንድን ነው። ቀለሙ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ሮዝ መሰል ቀይ ከሆነ ገና ያልጎለመሰ ነው፤ ይበላል፣ ይሄዳል። ቢጫ ከሆነ ግን ጎልምሷል፣ እንቁላል ሊጥል ነው። ሴቷ ጭራዋን አሸዋማ መሬት ውስጥ ሰክታ እንቁላሏን ትቀብራለች። መሬቱ ከሞቀ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ከዚያ ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ይወጣና እየዘለለ ይሄዳል። ክንፍ እስኪያወጣ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ «ቢጫ ነው» የሚለው አንድ ቃል፣ ባለሙያዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ቦታ ተመልሰው መሬት መሬቱን እንዲፈልጉ ያደርጋቸዋል። ኩብኩባውን መሬት ላይ ሳለ ማጥፋት ክንፍ አውጥቶ ከበረረ በኋላ ከማሳደድ ይቀላል።

ቦታውን በትክክል ለመናገር ደግሞ ቁጥር አለ። የምድር ካርታ በመስመር ተከፋፍሏል። መስመሮቹ ቁጥር አላቸው። ቆቦ ከተማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 39 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ላይ ደቂቃ የሚባለው የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ የዲግሪ ክፋይ ነው። ዛሬ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይህን ቁጥር ከሰማይ ሳተላይት ተቀብሎ ያሳያል። ሰውየው ቁጥሩን ያነባል፣ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል፣ ከዚያ በሬዲዮ ይናገረዋል።

አሁን አንድ ቁጥር ቢሳሳት ምን ይሆናል? ወደ ሰሜን ሲቆጠር አንድ ደቂቃ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን ያህል ቢሳሳት አብራሪው ዞር ዞር ብሎ ያገኘዋል። 12 ዲግሪ የሚለውን 13 ብሎ ቢናገረው ግን 111 ኪሎ ሜትር ተሳሳተ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ቆቦን ትቶ ከማይጨው አልፎ ይሄዳል። ነዳጁ ያልቃል። ጠዋቱ ያልፋል። መንጋው ይነሣል። በአንዲት ቁጥር! ፊደልና ቁጥር በቅርቡ የለያችሁ ሰዎች ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ትረዱታላችሁ ብዬ አምናለሁ። 2ን እና 3ን መለየት መቼም የደብተር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለዚህ ነው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች ጥብቅ ሥርዓት ያላቸው። ሥርዓቱን ላስረዳችሁ። የመናገሪያው ቁልፍ አለ። ቁልፉን ስትጫን ትናገራለህ፣ ስትለቅ ትሰማለህ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም። ሁለት ሰዎች እኩል ከተጫኑ የሁለቱም ድምፅ ተደባልቆ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ታዳምጣለህ። ሌላ ሰው እየተናገረ ከሆነ ትጠብቃለህ። ከዚያ የምትጠራውን ሰው ስም ታስቀድማለህ፣ የራስህን ታስከትላለህ። አሳብህን አሳጥረህ ትናገራለህ። ሰላምታው፣ የቤተሰብ ጤና መጠየቁ ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ለእኛ ለወሎ ሰዎች ይህ ሳይከብድ አይቀርም! ስትጨርስ ተራው የሌላው መሆኑን በአንድ ቃል ትገልጻለህ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ መልሶ መናገር የሚባል ልማድ አለ። አንዱ ቁጥር ሲነግርህ «እሺ፣ ገባኝ» ብቻ አትልም። የሰማኸውን ቁጥር አንድ በአንድ መልሰህ ትነግረዋለህ። «አሥራ ሁለት» ሳይሆን «አንድ፣ ሁለት» ትለዋለህ። ከተሳሳትክ ያርምሃል። አብራሪዎች «ሮጀር» ሲሉ በፊልም ሰምታችሁ ይሆናል። ትርጉሙ «የተናገርከውን ሰምቻለሁ» ማለት ብቻ ነው፤ «እሺ አደርገዋለሁ» ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ይስተዋል። የላቲን ፊደሎችንም በስም ይጠሯቸዋል። አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያሉ ይሄዳሉ። ቢ እና ዲ በሬዲዮ ጩኸት ውስጥ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ ነው። ይህ አጠራር እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በዓለም አብራሪዎች ዘንድ ይሠራበታል።

ሬዲዮውስ ራሱ እንዴት ይሠራል? ሁለት ዓይነት ሞገድ አለ ብላችሁ ያዙልኝ። አንደኛው ቪ ኤች ኤፍ ይባላል። ይህ እንደ ዓይን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ተራራ ከጋረደው ይቆማል። ከቆቦ ሜዳ ላይ ቆሞ ከዞብል ጀርባ ላለ ሰው ቢናገሩ ተራራው ይውጠዋል። አውሮፕላኑ ግን ከላይ ስለሆነ ሁለቱንም ወገን ያያል፣ ሁለቱንም ይሰማል። ሜዳ ላይ መሬት የቆመ ሰው ይዞት ያለው ሬዲዮ ከምድር ክብነት የተነሣ የሚያየው 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ የወጣ አውሮፕላን ግን የሚከለክለው ነገር ከሌለ እስከ 130 ኪሎ ሜትር ድረስ ይደርሳል። የማማውን ነገር አስታውሱ። ከፍ ያለ ያያል።

ሁለተኛው አጭር ሞገድ ነው፤ ኤች ኤፍ ይሉታል። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ ሬዲዮ ሲከፈት ከሩቅ አገር የሚሰማው ድምፅ በዚህ ነው የሚመጣው። ይህ ሞገድ ወደ ሰማይ ይወጣል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በፀሐይ ጉልበት የተለወጠ የአየር ድርብርብ አለ። ሞገዱ ኳስ ከግድግዳ ነጥሮ እንደሚመለስ ከዚያ ነጥሮ ወደ ምድር ይመለሳል። ተራራውን ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ በአፋር በረሃ ያለ ቡድን በመኪናው ሬዲዮ መቶ ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ከጣቢያው ጋር ይነጋገራል። ችግሩ ድርብርቡ ቀንና ሌሊት ይለዋወጣል። ቀን የሚሠራው የሞገድ ቁጥር ሌሊት አይሠራም፤ ሌሊት ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ቡድኖቹ የመነጋገሪያ ሰዓት የሚቆርጡት። በተቆረጠው ሰዓት ሁሉም ከፍቶ ይጠብቃል። ያልተሰማ ቡድን ካለ ይጠራል፤ ደግሞ ይጠራል። ካልመለሰ ሰው ይላካል። በረሃ ነው፣ መኪና ይሰበራል፣ ውኃ ያልቃል።

ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ብቅ እንላለን ብዬ ነበር። የሐሸንጌና የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች አውሮፕላን አያስፈልጋቸውም፤ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይታያቸዋል። በትልቁ ባሕር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ መርከብ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዓሣው ደግሞ እንደ አንበጣው በመንጋ ይሄዳል፣ ቦታ ይለዋውጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ባሕር መንሐደን የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ትናንሽ አውሮፕላኖች ይቀጠሩ ጀመር። አብራሪው ከላይ ሲያይ መንጋው በውኃው ውስጥ እንደ ጥላ ይታየዋል። ከዚያ ጀልባዎቹን በሬዲዮ ይመራቸዋል። «ወደ ቀኝ፣ ቀጥል፣ አሁን ጣል» ይላል። ጀልባዎቹ መረቡን ክብ አድርገው ይዘረጋሉ። የመረቡ ታች ገመድ አለው፤ ሲሳብ እንደ ከረጢት አፍ ይጠበባል። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ዓሣውን ሳያየው ያጠምደዋል ማለት ይቻላል። የሚያይለት ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዓሣ አጥማጅ በሬዲዮ ሲናገር ጎረቤቱ መርከብም ይሰማል። ሬዲዮ የሁሉም ነው ብዬ የለ? ዓሣው የት እንዳለ ከሰማ ደግሞ ቀድሞት ይሄዳል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጆቹ በምሥጢር ቃል ይነጋገራሉ፣ የሞገድ ቁጥር ይለዋውጣሉ፣ ድምፅ የሚያዛባ መሣሪያም ይገዛሉ። እዚያ ወሬ ገንዘብ ነው። እኛ ዘንድ ተቃራኒው ነው። አንበጣ ያየ ሰው ሁሉም እንዲሰማለት ይፈልጋል። ዓሣውን ለራሱ የሚፈልግ አለ፤ አንበጣውን ለራሱ የሚፈልግ ግን የት ይገኛል?

ሌላም ልዩነት አለ። አውሮፕላንና ሬዲዮ ሲቀናጁ ዓሣው ማምለጫ ያጣል። በዚህ ምክንያት የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥታት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ዓሣ ለማጥመድ በአውሮፕላን መርዳትን ከልክሏል። ሰው አልባውንም አውሮፕላን ጨምሮ ማለት ነው። ዓሣው እንዳያልቅ ተፈርቶ ነው። አንበጣ እንዳያልቅ የሚፈራ ግን አልሰማሁም።

አንበጣ ድንበር አያውቅምና አንድ አገር ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በእኛ በ1954 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት ተቋቋመ። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ ከመሥራቾቹ ናቸው። የድርጅቱ ሥራ አውሮፕላን ማሰማራት፣ መቃኘት፣ መርጨት፣ ወሬውን ደግሞ ከአገር አገር ማስተላለፍ ነው። በሮም ያለው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም ከየአገሩ የሚመጣውን ወሬ ሰብስቦ መንጋው ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ይነግራል።

ወሬው ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣ በቅርቡ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ከባድ የባሕር ዐውሎ ነፋሶች በደቡብ ዐረቢያ በረሃ ላይ ዝናብ ጣሉ። መኩኑና ሉባን ይባላሉ። ደረቁ አሸዋ ረጠበ፣ ሣር በቀለ። ቦታው ሰው የማይደርስበት ነው። አንበጣው እዚያ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። የሚያይ ዓይን አልነበረም፤ በሬዲዮ የሚናገርም አልነበረም። ከዚያ ወደ የመን ተሻገረ። በየመን ጦርነት ስለነበረ ተገቢው ቅኝትና ርጭት ሊደረግ አልቻለም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከመንጋው ጋር ተጋጨ። የፊት መስተዋቱ በአንበጣ ተለሰነ። አብራሪው ድሬዳዋ ማረፍ ስላልቻለ ወደ አዲስ አበባ ወስዶ በሰላም አሳርፎታል። ትልቁን አውሮፕላን እንዲህ ካደረገ፣ ለርጭት ዝቅ ብላ የምትበረውን ትንሿን አስቡ። አብራሪዋ የበረረውን መንጋ ሳይሆን የተቀመጠውን የምትፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

ከዚያ መስከረምና ጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጣ። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ማሽላው አሽቷል፣ ጤፉ ሊታጨድ ነው። መንጋው በራያ ላይ ወረደ። ሰው ሁሉ ወጣ። ሴቱም ወንዱም ቆርቆሮ መታ፣ ጅራፍ አጮኸ፣ ጭስ አጨሰ፣ ልጆች ጮኹ። ጩኸት መንጋውን ከአንዱ ማሳ ያስነሣዋል፤ ግን ወደ ጎረቤት ማሳ ይልከዋል እንጂ አይገድለውም። አውሮፕላን መጥቶ ረጭቷል። የአውሮፕላኑ ቁጥር ግን ለመንጋው ብዛት አልበቃም። ጥቂት አውሮፕላን ሲኖር ደግሞ የወሬው ጥራት የበለጠ ይከብዳል። አምስት ቀበሌ በአንድ ማታ ቢጣራ፣ አውሮፕላኑ ጠዋት የሚደርሰው ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ነው። ለየትኛው? ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቦታውን በቁጥር ላስታወቀው ነው የሚሆነው። «ብዙ ነው» ላለው አይሆንም። ይህ ፍትሕ አይመስልም ይሆናል። ማሳው የጠፋበት ሰው በደንብ ስላልተናገረ ብቻ ተጎዳ ማለት ያሳዝናል። እኔም ያሳዝነኛል። ነገር ግን አብራሪው ሌላ መምረጫ የለውም።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲጀመር፣ በትግራይ ስልክ ተቋረጠ። የአንበጣው ቅኝትም በዚያ በኩል ተስተጓጎለ። መንጋው ግን ጦርነት ነው ብሎ አልቆመም።

ዛሬ መሣሪያው ተሻሽሏል። የቅኝት ባለሙያዎች በእጅ የሚያዝ ታብሌት ይዘው ይወጣሉ። ያዩትን ጽፈው በሳተላይት ይልኩታል። ኢሎከስት ይባላል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በተራ ሞባይል የሚሠራም ተጨምሯል። እንዲያም ሆኖ ረጪው አውሮፕላን ከማሳው በላይ ሲደርስ ከታች ካለው ሰው ጋር የሚነጋገረው በድምፅ ነው። ነፋሱ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ወዴት እንደሚነፍስ ታብሌቱ አይነግረውም። ከታች ያለው ሰው አፈር አንሥቶ ይበትናል፣ ወዴት እንደሄደ ያያል፣ ይናገራል። አብራሪው ነፋሱን አቋርጦ ይበርራል። ነጠብጣቡ ከነፋሱ ጋር ወደ ጎን ይዘረጋል። ከመጨረሻው ጫፍ ጀምሮ ወደ ነፋሱ መምጫ እየተጠጋ ይሄዳል። እንዲህ ካደረገ የረጨው ውስጥ ተመልሶ አይገባም። ሬዲዮው እንቢ ቢል ደግሞ ከታች ያሉት ባንዲራ ያውለበልባሉ፣ እሳት ለኩሰው ጭስ ያሳያሉ፣ በመስተዋት ፀሐይ ያብለጨልጫሉ። ጭሱ ነፋሱንም ጭምር ስለሚያሳይ አብራሪዎች ይወዱታል።

ከመርጨቱ በፊት በሬዲዮ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። «ከታች ሰው አለ? ከብት አለ? የንብ ቀፎ አለ?» ይባላል። አንበጣን የሚገድል መድኃኒት ንብንም ይገድላል። ንብ ያላችሁ ሰዎች ርጭት ሊደረግ ነው ሲባል ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቀፏችሁ ያለበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቦታው ከታወቀ አብራሪው ሊያልፈው ይችላል። ካልተነገረው ከላይ ሆኖ ቀፎ አያይም። የውኃ ጉድጓድና ምንጭም እንዲሁ ነው።

ከተረጨ በኋላ ባለሙያው እስኪፈቅድ ድረስ ከብት ወደዚያ ማሳ አታስገቡ፤ ሣሩንም አትጨዱ። ዶሮ የሞተውን አንበጣ እንዳትለቅም ጠብቁ። አንበጣ የሚበላ ሰው ካለም የተረጨውን እንዳይነካ። የመድኃኒቱ ባዶ በርሜልና ጀሪካን ደግሞ መልካም መስሎ ይታያል። ሰማያዊ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ውኃ ለመቅጃ ያምራል። አሥር ጊዜ ቢታጠብ መርዙ አይለቅም። ወደ ቤት አታስገቡት። ለቡድኑ መልሱት፤ እነርሱ ቆጥረው ያመጡትን ቆጥረው ይወስዳሉ። አንድ ከጎደለ በሬዲዮ ይጠያየቁበታል።